ቡልኮ ለወረቀቱ ልጅ

ሰኞ፣ ጥር 5

ዛሬም እንደ ሁልጊዜው። አንድ ሰዓት ላይ ደርሼ ከፈትኩ። ጠረግኩ። ወንበር ደረደርኩ። ሃያ አራት ወንበር፣ ሃያ አራት የሚንጠባጠብ አፍንጫ። ወገቤን ያመኛል። ማን ይጠይቃል?

መምህርት ምኞት አዲስ ነገር ይዛ መጣች። ወረቀት ማጠፍ። በረዶ በሚጥልበት አገር፣ በብርድ ወራት ሕፃናት የሚሠሩት ነው አለች። ከስልኳ ላይ አሳየችኝ። ኮፍያ፣ ጓንት፣ ጥድ፣ የበረዶ ሰው። እዚህ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ! ጣሪያው በአራት ሰዓት እንደ እሳት የሚግልበት! እሷ የደብረ ብርሃን ልጅ ናት፤ ብርዱ ይናፍቃታል መሰለኝ። ብርድ የሚናፍቀው ብርድ ያልበላው ሰው ነው።

"እማማ ስመኝ፣ ወረቀቱን አራት ማዕዘን አድርገው ይቆርጡልኛል?"

ቆረጥኩ። ከፎቶ ኮፒ ቤት የተጣለ ወረቀት ነው፤ በአንድ በኩል ተጽፎበታል፣ በሌላው ነጭ። ጥጉን አጥፌ የተረፈውን ቀድጄ መጣል። እየቆረጥኩ የተጻፈውን ሳነብ ዋልኩ። የሰው ፈተና። ምን ያደርግልኛል? ግን አነባለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን በከፈተችው የማታ ትምህርት። አሁን ስድሳ አራት ሆነኝ። እህቴ በስምንት ዓመቷ ትምህርት ቤት ገባች። እኔ ከብት ጠበቅኩ።

ስለሷ አልጽፍም ብዬ ነበር...

ማክሰኞ፣ ጥር 6

የበረዶውን ሰው አጠፉ። ቀላል ነው። ሁለቱን ጎን ወደ መሐል፣ የላይኛውን ጫፍ ወደ ኋላ፣ የታችኛዎቹን ጥጎች ወደ ውስጥ። ነጩ በውጭ። ከዚያ ዓይንና አፍ በእስክሪብቶ።

ልጆቹ "ሰው" አላሉትም። "ልጁ" አሉት።

"ቲቸር፣ ልጁ ለምን ነጭ ሆነ?"

"ከበረዶ ስለተሠራ።"

"እግሩስ?"

"እግር የለውም።"

"ታዲያ እንዴት ቤቱ ይገባል?"

ምኞት ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ከኋላ የምትቀመጠው ዝምተኛዋ ሰሊሆም ተነሣች። በዚህ ዓመት ነው የመጣችው፣ አባቷ ካሌብ ከሳውላ ተዛውሮ። ጠዋት በሞተር አድርሷት ይሄዳል። መሐረቧን አውጥታ የወረቀቱን ልጅ ሸፈነችው። "በርዶታል" አለች። ብቻ ይህን።

ከዚያ ሁሉም! ካልሲ የሚያወልቀው፣ ሶፍት የሚቀድደው... ሃያ አራቱንም አለበሷቸው። ላቡ በግንባራቸው እየወረደ።

"ኧረ ልጆች፣ እሱ ብርድ ነው የሚወደው!" አለች ምኞት።

"ውሸት! ብርድ የሚወድ ልጅ የለም!"

ወጥቼ ቧንቧው ጋ ቆምኩ። ፊቴን ታጠብኩ። ሁለቴ።

ሐሙስ፣ ጥር 8

የወረቀት ልጆቹን በሲባጎ ላይ ሰቅለናቸው ነበር፣ በመስኮቱ በኩል፣ በልብስ መቆንጠጫ። ዛሬ ጠዋት ስከፍት አንዱ ደፉ ላይ ነበር። ልረግጠው ምንም አልቀረኝም። የሰሊሆም ነው። አንዱ ዓይኑ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ፤ ሆዱ ላይ ቀይ ነጥብ።

ንፋስ ይሆናል። ግን መስኮቱ ተዘግቷል። እንሽላሊት? እንሽላሊት መቆንጠጫ ይከፍታል?

መልሼ ሰቀልኩት።

ዓርብ፣ ጥር 9

ዛሬ የኔ በርጩማ ላይ። ጥግ ላይ ምሳዬን የምበላበት። መሐረቡ የለም። ራቁቱን ተቀምጧል... ራቁቱን ብዬ ጻፍኩ። ወረቀት እኮ ነው።

ሳነሣው እርጥብ ነበር። ከኅዳር ወዲህ ጠብታ አልዘነበም። የቧንቧ ውሃ አይደለም፤ የቧንቧው ውሃ ጠዋትም ለብ ያለ ነው። ይሄ ይቀዘቅዛል። ያደግኩበት ደጋ፣ ጨንቻ፣ ውርጭ ባደረበት ጠዋት ሣር ስትረግጪ እግርሽን እንደሚነክስሽ። ያን ብርድ አውቀዋለሁ። በየትም አልስተውም።

ለምኞት ነገርኳት። "ልጆቹ ውሃ ደፍተውበት ይሆናላ እማማ!" አለች። ልጆቹ ሳይመጡ? ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ሌላ የለም።

እሑድ፣ ጥር 11

ስብከቱ ስለ ይቅርታ ነበር። እኔ ምን አጠፋሁ? የበደለችኝ እሷ።

ሰኞ፣ ጥር 12

ፊደሉ ይጣመምብኛል።

ዛሬ ጓንት አጠፉ። ሰሊሆም ሁለት ጓንት ሠርታ መጣች፣ አንድ ጥፍር የሚያክሉ። "ለልጁ ነው። ስም አወጣሁለት።"

"ማን አልሽው?"

"ደግነት።"

ጎንበስ ብዬ ነበር፤ እዚያው ቀረሁ።

"ደግነት ማነው?"

"የአያቴ ወንድም። ትንሽ ልጅ እያለ ብርድ ወሰደው። አያቴ ስትጸልይ ስሙን ትጠራለች።"

"አያትሽ... ማን ትባላለች?"

"ሰብሊ። ኩልፎ ወንዝ ጋ፣ ሙዝ አላት። ብዙ ሙዝ!"

ሰብሊ። እህቴ። በባጃጅ ሩብ ሰዓት የማይሞላ ርቀት ላይ ትኖራለች፣ አልተነጋገርንም። እናታችን ስትሞት እንኳ እሷ በአንድ ጥግ፣ እኔ በሌላ ጥግ አለቀስን። ልጅ ወለደች ሲሉኝ አልጠየቅኩም። የልጅ ልጅ እንዳላት የት አውቃለሁ?

ለሰው ሁሉ የምለው አንድ ነው። ታናሽ ወንድማችንን ለብርድ ያስበላችው እሷ ናት። ለአባባ ነገርኩት፣ ለጎረቤት፣ ለባሌ፣ ለጸሎት ቡድን። ሃምሳ አራት ዓመት ነገርኩ።

ማክሰኞ፣ ጥር 13

ሰሊሆም ቀረች።

የወረቀቱ ልጅ ዘንቢሌ ውስጥ ነበር። ቤት ገብቼ ነው ያገኘሁት። ከትምህርት ቤቱ ስወጣ በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ሲባጎው ላይ። ዳቦዬን አርሶታል።

ረቡዕ፣ ጥር 14

ካሌብ ለምኞት ደወለ። ሰሊሆም ሆስፒታል ተኝታለች። ሌሊቱን "በረደኝ፣ በረደኝ" ስትል አደረች። ጥርሷ ይንቀጫቀጫል። በዚህ ሙቀት!

"ወባ ነው እማማ። ይታከማል" አለች ምኞት። ፊቴን አይታ ፈራች መሰለኝ።

ወባ መሆኑንማ አውቃለሁ። አርባ ምንጭ ኖሬ ወባ አላውቅም? ግን...

ደጋ ላይ ሽማግሌዎች ጎሜ የሚሉት ነገር አለ። የደበቅሽው በደል አንቺን አይነካም። አንቺ ትበያለሽ፣ ትጠጫለሽ። ከቤቱ ትንሹን ይይዛል። የሚወጣው በአፍ ነው፤ የበደልሽው ሰው እየሰማ፣ ሌላ ሰውም ቆሞ። ፓስተራችን ይህ ሁሉ በመስቀል ላይ አልቋል ይላል። አሜን እላለሁ። በየእሑዱ አሜን ብያለሁ። ታዲያ ማነው ዘንቢሌ ውስጥ የገባው?

እዚህ ልጻፈው። ማንም አያነበውም።

ኅዳር ነበር። ገብሱ ደርሷል። አባባና እማማ ለቅሶ ሄዱ። እኔ አሥር፣ ሰብሊ ስምንት። ገብሱን ከጃርት እንድንጠብቅ እማሳው ዳር ጎጆ ውስጥ አደርን። ደግነት ሦስት ዓመቱ ነው፤ አልቀርም ብሎ አልቅሶ ተከተለን። ያለን አንድ ቡልኮ። እሱን መሐል አስተኛነው። ብርዱ አጥንቴ ውስጥ ገባ። ቡልኮውን ወደ እኔ ሳብኩት። መጀመሪያ ትንሽ። ከዚያ ከላዩ ላይ ወረደ። አውቄያለሁ። "ትንሽ ልሙቅና እመልስለታለሁ" አልኩ። እንቅልፍ ወሰደኝ።

ጠዋት ሣሩ ነጭ ነበር። እሱም።

አባባ "ማነው ቡልኮውን የወሰደ?" አለ። "እሷ ናት" አልኩ። ሰብሊ አፏን ከፍታ አየችኝ። ምንም አላለች። በሳምንቱ ቆላ ለአክስታችን ሰጧት፣ ጎሜ አለባት ተብሎ። አክስቴ ትምህርት ቤት አስገባቻት። በዚያም ቀናሁ! ወንድሟን ገድላ ተማረች እያልኩ ቀናሁ። ብዙ ጊዜ ከመናገሬ የተነሣ አንዳንድ ቀን እኔም አምነው ነበር።

ጻፍኩት። ምንም አልቀለለኝም። ጎሜ በወረቀት አይወጣም።

ሐሙስ፣ ጥር 15

ሄድኩ።

ከሆስፒታሉ ግቢ፣ ቧንቧው ሥር፣ እርጥብ ሣር ነቀልኩ። ጥበቃው "እማማ፣ ለፍየል ነው?" አለኝ። "ለእህቴ ነው" አልኩት። ደጋ ላይ ዕርቅ የሚለምን ሰው ሣር ይይዛል።

ሰብሊ አልጋው ራስ ላይ ተቀምጣለች። አርጅታለች። የእናታችንን ፊት ይዛለች። ሰሊሆም ሁለት ብርድ ልብስ ተደራርቦባት ትንቀጠቀጣለች። ካሌብ ቆሟል። አጠገብ ያለው አልጋ ላይ ሌላ አስታማሚ አለች።

"ምን ልታዪ መጣሽ?" አለችኝ ሰብሊ።

ተንበረከክኩ። ጉልበቴ ጮኸ። ካሌብ ሊያነሣኝ መጣ፤ "ተዋት" አለችው።

ተናገርኩ። ሁሉንም። ቡልኮውን፣ "ትንሽ ልሙቅ" ያልኩትን፣ ለአባባ የዋሸሁትን። ድምፄን ከፍ አድርጌ። አስታማሚዋ ሴትዮ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች።

ሰብሊ የሰሊሆምን ብርድ ልብስ አስተካከለች። ከዚያ፦

"ጨርሰሻል?"

"ጨርሻለሁ።"

"እኔም ነቅቼ ነበር።"

ቀና አልኩ።

"ስትስቢ ተሰማኝ። እኔም በበኩሌ ሳብኩ። እሱ መሐል ነው፣ አውቃለሁ። ሳብኩ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"'እሷ ናት' ስትዪ ስስብ ያየሽኝ መሰለኝ። ልክ ነበርሽ እኮ ስመኝ። ይህን ሁሉ ዓመት የምታውቂብኝ አንቺ ብቻ ነሽ ብዬ ነው መንገድ የምቀይረው።"

እሷ እኔን ትሸሻለች፣ እኔ እሷን እረግማለሁ... ሃምሳ አራት ዓመት። ሁለት አሮጊት።

ሣሩን ከእጄ ተቀበለችኝ። እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። አልጋው ላይ አጠገቧ ተቀምጬ ራሴን አገኘሁት።

ሰሊሆም ተንቀሳቀሰች። "አያቴ... ሞቀኝ። ይሄን አንሱልኝ።" ግንባሯ ላይ ላብ።

ሐኪሙ መድኃኒቱ ነው ይላል። ይሁን። እኔ ከሐኪም ጋር አልጣላም።

ሰኞ፣ ጥር 19

የወረቀቱ ልጅ ከሲባጎው አልወረደም። ግን አሁንም እርጥብ ነው። ነካሁት።

ሐሙስ፣ ጥር 22

ሰሊሆም ተመለሰች፣ ከስታ፣ ዓይኗ ብቻ ቀርቶ። ያመጣቻት ሰብሊ ናት። አንድ እጅ ሙዝ ይዛ። "ለአስተማሪዋ ነው፣ ላንቺ አይደለም" አለችኝ። "ማን ጠየቀሽ?" አልኳት። ምኞት ግራ ገብቷት አንዴ እኔን አንዴ እሷን ታያለች።

ሰሊሆም "ለደግነት ቡልኮ እንሥራለት" አለች። ጓንት አለው፣ ኮፍያ አለው፣ ቡልኮ የለውም።

ትልቁን ወረቀት አመጣሁ። ሳልቆርጥ። ለሁለት መታጠፍ አለበት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ሳይጨማደድ። ሰብሊ አንዱን ጫፍ ያዘች። እኔ ሌላውን ያዝኩ። ዓይን ለዓይን ተያየን።

ማናችንም አልሳብንም።

ሰሊሆም መሐሉን በጣቷ ተጫነችው። ከዚያ ልጁን ከሲባጎው አውርዳ በርጩማዬ ላይ አስተኛችውና እስከ አገጩ አለበሰችው።

ዓርብ፣ ጥር 23

አንድ ሰዓት ላይ ከፈትኩ። ሲባጎው ላይ ሃያ ሦስት ልጆች። በርጩማው ላይ ቡልኮው አለ፤ ለሁለት ታጥፎ፣ ጫፍ ከጫፍ ተገጥሞ። ልጁ የለም። ደፉ ላይ የለም። ዘንቢሌ ውስጥ የለም።

ወረቀቱን አነሣሁት። ደረቅ ነው። ሞቅ ይላል፣ ሰው አሁን እንደተነሣበት።

ሰብሊ ጋ ደወልኩ። የስልክ ቁጥሯን ከሰጠችኝ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

"ሄዷል" አልኳት።

ከበስተጀርባዋ ኩልፎ ይሰማል።

"እሰይ" አለች። "ቤቱ ገባ።"