ስለ ማሟሟያው ጨዋታና ስለ ጋሼ ግራ ጆሮ

ይድረስ ለተከበሩ የማተሚያ ቤታችን የሰው ኃይል ልማት ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኛ፣ ማለትም ከእርስዎ ጨዋታዎች የተረፍነው፣ ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት እርስዎን ለመዳፈር ብዬ ሳይሆን "በመካከላችን የሚደበቅ ነገር አይኑር" ብለው ስላስተማሩን ነው።

አስቀድሜ ላመስግን። ሃያ ዓመት አብረን ስንሠራ እንዳልተዋወቅን ደርሰውበት፣ ከየሪፖርቱ በፊት በክብ አቁመው የላስቲክ ኳስ ስላወራወሩን ውለታዎ አለብን። ጉልበቷን የሚያማት የጽዳት ሠራተኛችን በአንድ እግሯ ቆማ የምትወደውን ቀለም መናገሯ ለማተሚያ ቤቱ ምን እንደጠቀመም በቅርቡ ጥናት እንደሚያቀርቡበት ተስፋ አደርጋለሁ። ቅሬታዎቼ ግን የሚከተሉት ናቸው፤

፩. ስለ ቃሉ። እንደሚያውቁት እኔ አራሚ ነኝ። በላኩልን መጥሪያ ላይ "ማሟሟቂያ" ከሚለው ቃል "ቂ" ወድቃ "የማሟሟያ መርሐ ግብር" ይል ነበር። ቀይ እስክሪብቶዬን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት፤ ቢሮዎ ሊያሟሙቀን ይሁን ሊያሟሟን እርግጠኛ አልነበርኩምና። አሁን ምንም ፊደል እንዳልጎደለ ገብቶኛል።

፪. ስለ ጋሼ። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ጠራዥ ሃያ ስድስት ዓመት ሲጠርዙ አንድም መጽሐፍ ገጹ ተገልብጦ ከእጃቸው አልወጣም። ማሽኑ ሊበላሽ ሲል መዳፋቸውን አስደግፈው ያውቁታል። እርስዎ "ሁለት እውነት፣ አንድ ውሸት" የሚለውን ጨዋታ መርጠው፣ እዚህ የተባለ ከዚህ አይወጣም ብለው ካስጀመሩን በኋላ ኳሷ ለጋሼ ደረሰች። እሳቸውም ሦስት ልጆች እንዳሏቸው፣ ኳስ እንደሚወዱና ግራ ጆሯቸው እንደማይሰማ ተናገሩ። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ፤ ሁላችንም ውሸቱ ጆሮው ነው አልን። እኔም ብያለሁ፤ እስካሁን ያሳፍረኛል። ጋሼ ሳቁ እስኪበርድ ጠብቀው "ውሸቱ ኳሱ ነው" አሉ።

በሳምንቱ ጋሼን ከመጠረዣ ክፍል ወደ ቁርጥራጭ ወረቀት መጋዘን የሚያዛውር ደብዳቤ ከቢሮዎ ወጣ። ምክንያቱ "የመስማት ችግር እንዳለባቸው በራሳቸው አንደበት ስላረጋገጡ" ይላል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ሲባል እንሰማ ነበር፤ እርስዎ ያለ ብቅል፣ በአንዲት የላስቲክ ኳስ ስላወጡት እጅ ነስቻለሁ። ሙያውን የተቀማ ሰው መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ሲውል ማየት ያንገበግባል፤ እኔን አንገብግቦኛል።

፫. ስለ መጪው ሐሙስ። የእርማት ክፍሉን ሪፖርት የማቀርበው እኔ ነኝ፤ ከሪፖርቱ በፊትም እያንዳንዳችን በሕይወታችን በጣም የምንፈራውን ነገር እንድንናገር መምረጥዎን ሰምቻለሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና፣ ኳሷ ወደ እኔ ስትመጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ በቀጥታ ወደ ሪፖርቴ እገባለሁ። አልጫወትም። የማሽን ሠራተኞቹም አንጫወትም ብለዋል፤ የጽዳት ሠራተኛችንም በሁለት እግሯ እንደምትቆም እንዳሳውቅላት ጠይቃኛለች። ለወደፊቱ ጨዋታ መምረጥዎ ካልቀረ፣ መልሱ በማንም የግል ማኅደር ውስጥ የማይገባ ይሁን፤ አልፈልግም ያለ ሰውም ወንበሩ ላይ ይቀመጥ። ከዚያ በፊት ግን የጋሼ ደብዳቤ ይነሣ፣ እሳቸውም ወደ ማሽናቸው ይመለሱ። ይህን የምለው እንደ ልመና እንዳይቆጠርብኝ አደራ እላለሁ።

በዚህ ደብዳቤ ምክንያት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንደሚደርሰኝ አልጠራጠርም። እባክዎ ከመፈረምዎ በፊት ለእርማት ይላኩልኝ።

አንዲት ነጠላ ሰረዝ ሳላጓድል የማከብርዎ፣
የእርማት ክፍሉ አራሚ

ማስታወሻ፦ ጋሼ ይግባኝ እንድጽፍላቸው ትናንት ሲመጡ ሦስት አሮጌ ማመልከቻዎች ይዘው ነበር። ሦስቱም የማሽኑ ጩኸት ስለበዛ የጆሮ መከላከያ እንዲሰጣቸው የሚጠይቁ ናቸው። በሦስቱም ላይ የቢሮዎ "ደርሶናል" የሚል ማኅተም፣ ከማኅተሙም በታች የእርስዎ ፊርማ አለ። የመጀመሪያው የተጻፈው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሲሆን፣ የመጨረሻው መስመሩ "ሁለቱም ጆሮዎቼ እስካሁን ደህና ናቸው" ይላል።