የሁዳዴው ዓሣ

የካቲት 11

እማዬ ምስር ስትለቅም ዋለች። ምሳ ላይ ጠጠር ነከስኩ። ሁለተኛ ነከስኩ… ዓይኗን ለሐኪም ማሳየት አለብን።

የካቲት 13

ደሴ ወሰድኳት። ግራ ዓይኗ አልቋል። የቀኙም መሀሉ እየጠቆረ ነው። ሐኪሙ የእርጅና ነው አለ። "ዓሣና ጎመን ታዘውትር። ጎመኑ በዘይት ይሁን፣ አብሮ ሲሆን ነው የሚጠቅመው። የቀረውን ሊያቆይላት ይችል ይሆናል… ቃል ግን አልገባም።" ሐይቅ ዳር ተወልዳ፣ ዓሣ ብዪ የሚላት ደሴ ተገኘ! መንገዱን ሁሉ ስትስቅ መጣች።

የካቲት 17

ሁዳዴ ገባ። በጾም ዓሣ የሚበላው ብዙ ነው፣ እሷ ግን ወይ ፍንክች። "ደም ያለው ሁሉ ሥጋ ነው፣ ሰብሌ።" የንስሐ አባቷን ልጠይቅላት? እምቢ ቢሉስ? ከዚያማ አለቀ። አልጠይቅም።

የካቲት 21

ዓሣ ገዛሁ። ቀቀልኩ፣ አጥንቱን ለቀምኩ፣ ወቅጬ ሽሮው ውስጥ… ሽታውን በነጭ ሽንኩርት አፈንኩት። ጎመን በዘይት ከጎኑ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አቀረብኩላት። "ዛሬስ እጅሽ ጣፈጠ፣ እጅሽ ይባረክ።" እየዋሸኋት አሜን አልኩ። ግን በላች!

መጋቢት 4

አንዲት ቀጭን አጥንት። ከምላሷ ላይ አነሳቻትና በጣቶቿ አሸት አሸት አደረገቻት። ከዚያ ሳህኑን ገፋችው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር።

መጋቢት 6

ከእኔ እጅ አትበላም። ጎረቤታችን ኡሙሰልማ ናት የምታበስልላት፤ ሮመዳን ስለሆነ ጨዉን እንኳ ሳትቀምስ። እሱም ደረቅ ቂጣ ብቻ። እማዬ ዘይቱንም ጎመኑንም ተወችው፣ የፈረሰባትን ጾም ልትክስ። "ኡሙሰልማ የጾምን ነገር ታውቃለች" አለች፣ እየሰማሁ።

መጋቢት 10

የንስሐ አባቷ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ተናገርኩ። "ለሕመምተኛ እኮ እንፈቅዳለን፣ ልጄ። ምነው ብትጠይቂኝ?" አሉ።

እየሮጥኩ ቤት ገባሁ። "እማዬ፣ አባ ፈቅደዋል!"

"ደግሞ በአባ ልትዋሺ ነው?"

መጋቢት 14

አባ ራሳቸው መጥተው ነገሯት። መስቀል ተሳለመች። "ይፍቱኝ አባቴ፣ እስከ ፋሲካ ደረቅ ቂጣ ብቻ ልበላ ተስያለሁ።" ስለት አሉና ተዉዋት… የተሳለችው በእኔ ምክንያት ነው።

ሚያዝያ 3

ጠዋት ፊቷ ቆሜ "ማነው?" አለች። ቀኙም ሄደ። ብርሃንና ጨለማ ብቻ ትለያለች። ከቂጣው ነው ወይስ ከዕድሜዋ? ማን ያውቃል? "አብሽሪ፣ የአላህ ነገር ነው" አለችኝ ኡሙሰልማ። የእኔስ ነገር?

ሚያዝያ 12

ፋሲካ። ዓሣና ጎመን ሠራሁ፣ ያቺ ብርሃን እንኳ ብትቆይላት። "እማዬ፣ ዓሣ ነው። ጎመኑ በዘይት ነው። ሌላ ምንም የለበትም።"

አፏን አልከፈተችም። "ኡሙሰልማን ጥሪያት።"

መጣች። የእኛን ዶሮ አትበላም፣ ዓሣውን ግን ቀመሰችላት። "ወላሂ፣ እንዳለችሽ ነው እትዬ እናትነሽ።"

ያኔ ጎረሰች። ጥሩ አድርጋ በላች።

ኡሙሰልማ ልትወጣ ስትል እማዬ እጇን ያዘቻት። "ነገም ነይ። የምታበላኝን እያየሽ ንገሪኝ።"

እኔ እዚያው ነበርኩ፣ ሳህኑን ይዤ።