ማዶ የቀሩት ፍየሎቻችን

ሰኞ

ሄደ። ብንጮህበትም፣ ብንለምነውም፣ እማዬ እግሩ ላይ ልትወድቅ ብትልም አባዬ አህያዋን ጫነና ሄደ። የጫነው ጨው፣ ጥቂት ሳሙና፣ ለአቦይ ገብሩ ባለቤት ደግሞ አንድ ነጠላ። እኛ ቤት የተረፈ ነገር ያለ ይመስል!

ነገሩ የጀመረው ከገበያ የመጣች አንዲት ሴት ባደረሰችው መልእክት ነው፤ "ገብሩ መጥተህ ፍየሎችህን እይ ብሎሃል።" አቦይ ገብሩ ከአበርገሌ ቆላ ማዶ፣ ከትግራይ በኩል ያሉ ሰው ናቸው። አባዬ ከጦርነቱ በፊት ፍየሎቹን ለርቢ ሰጥቷቸው ነበር። እሳቸው ያረባሉ፣ ወተቱን ይጠጣሉ፣ ግልገሉን ከአባዬ ጋር ይካፈላሉ። የሞተ ካለ ቆዳውን ለባለቤቱ ያሳያሉ። ቆዳ ከሌለ ሞተ ማለት አይቻልም፤ ተበልቷል ነው የሚባለው። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ ወሬያቸውም ጠፋ።

ወንድሜ ሰዒድ ወጥመድ ነው አለ። አባዬ ደግሞ ሊክደኝ የፈለገ ሰው ዝም ይላል እንጂ አይጠራኝም አለ። ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። እኔን የሚያሳብደኝም እሱ ነው።

ማክሰኞ

በዚህ ሁሉ መሀል ዛሬ ያስተማርኩት ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የኢኮኖሚና የፖለቲካ አስተሳሰቦች ስለ ጦርነትና ሰላም የሚሉትን። ሰሌዳውን በሦስት ከፈልኩት።

የሚነግዱ ሰዎች አይዋጉም፤ ጦርነት ያከስራቸዋል።
ሁሉም የሚፈራው አንድ መንግሥት ከሌለ ሰው ሰውን ይበላል።
መሬቱና ውሃው በጥቂቶች እጅ እስካለ ድሃ ከድሃ ጋር ይጋደላል።

ድሮ የመጀመሪያውን ሳስረዳ ድምፄ ከፍ ይል ነበር። የነጋዴ ልጅ አይደለሁ! ዛሬ በጥድፊያ አንብቤው አለፍኩ። በጦርነቱ ጊዜ ሱቃችን ሲዘረፍ ሚዛናችንን ተሸክሞ የሄደው ከማዶ የመጣ ሰው አልነበረም። የዚሁ የሰቆጣ ሰው፣ አባዬ ለዓመታት ስኳር በዱቤ የሚሰጠው ጎረቤታችን ነበር። ታዲያ ንግዱ ምን ፈየደልን?

ተማሪዎቹ ትክክሉ የትኛው ነው አሉኝ። ለፈተናው ሦስቱንም ያዙ አልኳቸውና ወጣሁ። እንዲህም ብሎ አስተማሪ የለ።

ረቡዕ

ወሬ የለም። ስልኩ አይሠራም።

እማዬ ሰላት በደረሰ ቁጥር የአባዬን ኩስኩስት ለውዱእ መታጠቢያ ውሃ ትሞላና በሩ ሥር ታስቀምጣለች። ሳይነካ ሲቀር ውሃውን ጎመኑ ላይ ታፈስና እንደገና ትሞላለች። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

የሚጮኸው ሰዒድ ነው። አባዬ እስከ ዓርብ ካልመጣ ሞተር ሳይክሉን ሸጦ ጠመንጃ ሊገዛ ነው። ገዢም አግኝቷል። ሰላም የሚመጣው እነሱ እኛን ሲፈሩ ነው ይላል። ሁለተኛውን አስተሳሰብ ሳያነብ በቃሉ ያውቀዋል! መጽሐፉ ግን የሚፈራ መንግሥት ይኑር አለ እንጂ ሰዒድ ይታጠቅ አላለም። ልነግረው ጀመርኩና ተውኩት። አይሰማኝም።

የምፈራው፦
አባዬ ሞቶ እንዳይሆን።
ከሞተም ማን እንደገደለው ሳናውቅ እንዳንቀር።
ሳናውቅም ሰዒድ አንዱን መርጦ እንዳይገድል።
ፍየሎቹ። እውነቱን ልጻፍ እንጂ፤ ሱቁን መልሰን ልንከፍት ያሰብነው በእነሱ ነው። አባቴ የት እንደወደቀ ሳላውቅ ስለ ፍየል አስባለሁ። ራሴን ጠላሁት።

ሐሙስ

ከዚያ በኩል የመጣ አንድ ሰው መንገዱ ላይ ያለው ኬላ አካባቢ ተኩስ ነበር አለ። ማን በማን ላይ? አያውቅም። እማዬ ስትሰማ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ ተነሣችና ኩስኩስቱን ሞላች።

ቀኑን ሙሉ ሦስተኛው አስተሳሰብ፣ ድሃ ከድሃ ጋር ይጋደላል የሚለው፣ ጭንቅላቴ ውስጥ ሲዞር ዋለ። የእኛንም የእነሱንም ቆላ ያደረቀው አንድ ድርቅ ነው። አቦይ ገብሩም ድሃ፣ እኛም ድሃ። እሺ፣ ገባኝ። ይህን ማወቄ ግን አባቴን አያመጣውም። መጽሐፎቹ የሚያወሩት ስለ መደብ፣ ስለ መንግሥት፣ ስለ ገበያ ነው። መንገድ ላይ ስላለ አንድ ሽማግሌ የሚሉት የለም። የሚመጣ አይመስለኝም። ለእማዬ አልነግራትም፤ እዚህ ግን ጻፍኩት።

ዓርብ

መጣ። አልሀምዱሊላህ፣ መጣ!

ከጁምዓ በኋላ ሰዒድ ሞተሩን ለገዢው እያጠበ ነበር። አባዬ በሩን ገፍቶ እያነከሰ ገባ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፤ ጀርባው ላይ በገመድ የታሰረ የደረቀ ቆዳ ተሸክሟል። አህያዋ የለችም። ኬላ ላይ ወስደውበታል፣ እሱንም ደብድበውታል። ሰዒድ የያዘውን ጨርቅ ጥሎ የየትኞቹ ናቸው፣ የእኛ ወይስ የእነሱ አለው። አባዬ አልነግርህም አለ። እስካሁንም አልነገረውም።

ፍየል የለም። አንድም አልተረፈም፣ ድርቁ ጨረሳቸው። አቦይ ገብሩ ግን አንዱ በሞተ ቁጥር ገፈው፣ አድርቀው አስቀምጠዋል። ምልክታችን የሆነው ስንጥቅ እንዲታይ ጆሮውን ከቆዳው አልለዩትም። ከቤታቸው ሲሸሹም ይዘውት ሸሽተዋል፤ ያውም ሰው ቆዳ ቀቅሎ በበላበት ጊዜ። ልጃቸው በጦርነቱ ሞቷል። ይህን ለአባዬ የነገሩት ቆዳዎቹን አንድ በአንድ ዘርግተው ካሳዩት በኋላ ነው።

ሰዒድ ገመዱን ፈታ። እያንዳንዱን ቆዳ እያነሣ የጆሮውን ስንጥቅ ፈለገ። ውሸት ሆኖ ቢያገኘው የሚወድ ይመስለኛል። ሁሉም የእኛ ናቸው። ትንሽ ሆና በጡጦ ያሳደጋትን ግንባረ ነጭ ቦቃ ሲያገኝ ቆዳዋን ይዞ ቆመ።

"አንዲት ፍየል ካገኘን መልሼ ለገብሩ ነው የምሰጣት" አለ አባዬ።

"ማን ይወስድለታል? አንተ መቆም እንኳ አቅቶሃል" አለው ሰዒድ።

አባዬ ኩስኩስቱን ከእማዬ እጅ ተቀብሎ መታጠብ ጀመረ። እማዬ ያኔ ነው ያለቀሰችው።

አመሻሽ ላይ የሞተሩ ገዢ መጣ። ሰዒድ ነገ ተመለስ አለው። አልሸጥም አላለውም፣ ነገ ነው ያለው። እኔ ሰኞ ክፍል ገብቼ ምን እንደምናገር አላውቅም። ቆዳዎቹ ግቢው ውስጥ እንደተዘረጉ ናቸው። ሞተሩም አጠገባቸው ቆሟል።