ያልታሸው ሺሊንግ

ሃስልቢ፣ ሊንከንሸር
እሑድ፣ ኦክቶበር 9

ለውዷ ባለቤቴ ለዶሪን፣

እዚህ ዝናብ ነው። እዚያ ፀሐይ እንደሆነ እህትሽ ቤሪል በፖስት ካርድ ነግራኛለች፤ ማንም ሳይጠይቃት። እኔ ደህና ነኝ። ድመቷም ደህና ናት፤ ወንበርሽን ወርሳለች። የቤሪል ዳሌ ድኖ ጭራሽ ዳንስ መጀመሯን ስሰማ ከልቤ ደስ አለኝ። በኤፕሪል እሷን ለማስታመም ወደ ስፔን ስትሄጂ ግን ለስድስት ሳምንት ነበር ያልሽኝ። ይህን የጻፍኩት ለወቀሳ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለወቀሳ ነው።

አትደውል ስላልሽኝ አልደወልኩም። «መቼ ነው የምትመጪው እያልክ በየማታው አትነዝንዘኝ። ልመጣም ልቀርም እችላለሁ፤ አስቤ ራሴ እነግርሃለሁ። እንደ ሳንቲሞችህ እኔንም አታሻሸኝ» አልሽ። ደብዳቤ ግን አልከለከልሽም። ደግሞም የያዝኩት ወሬ ሆድ ውስጥ የሚቀመጥ አይደለም።

ባለፈው ማክሰኞ ብረት ጠቋሚውን ማሽን ይዤ የድሮ ሳንቲም ፍለጋ ወደ ወይዘሮ ፓርጀተር ማሳ ወጣሁ። ስንዴው ታጭዷል፣ መሬቱ ገና አልታረሰም። ስንት ዓመት አብረን ስንዞርበት ኖረን፣ ማሽኑ ሲጮህ «ምን አገኘህ?» የሚል ሰው ማጣት እንዴት እንደሚከብድ ልነግርሽ አልችልም። ጠዋቱን ሙሉ የለቀምኩት የጠርሙስ ክዳንና የትራክተር ብሎን ነው። ያኔ ከኦክ ዛፉ ሥር ያለው ጥግ ትዝ አለኝ። በመጣን ቁጥር «እዚህ ጋ ሞክር፤ ድሮ መንገደኛ የሚያርፍበት ነው» ትይኝ ነበር። እኔም «ውዴ፣ እዚያ የሚያርፈው ላም ብቻ ነው» እያልኩ አልፈው ነበር። ሄድኩ። ሳንቲም ፍለጋ አልነበረም፤ ናፍቀሽኝ ነው።

ማሽኑ ጮኸ። ብር ሲሆን የሚያሰማው ያ ቀጭን፣ ጥርት ያለ ድምፅ! ቆፈርኩ። አንድ እፍኝ ጭቃ፣ ከጭቃው ውስጥ ብቅ ያለ ነጭ ነገር። ጠርዙ የተንጋደደ ስለሆነ በመዶሻ የተመታ የድሮ ሳንቲም መሆኑ ያስታውቃል። በግራው ጎን የአንድ ጺማም ሰው ፊት ወደ ቀኝ ያያል። ከላይ፣ መሐሉ ላይ፣ የዘውድ ጫፍ አለ። የቀረው ጭቃ ነው።

ገብቶሻል አይደል? ሳንቲሞቹን በየነገሥታቱ ተራ በምንደረድርበት መሳቢያ ውስጥ፣ ከልጁ ንጉሥ ከኤድዋርድና ከኤልሳቤጥ መካከል ያለው ባዶ ጉድጓድ! አንቺ «ባልና ሚስቱ» የምትያቸው፤ ንግሥት ሜሪና ስፔናዊው ባሏ ፊሊፕ፣ በአንድ ሺሊንግ ላይ ፊት ለፊት የሚተያዩት። ከነጋዴ ልገዛቸው ስል «በገዛ እጃችን ካላወጣናቸው አይቆጠርም» ብለሽ የከለከልሽኝ።

አውራ ጣቴ ተነሣ። የኛ የሳንቲም ሰዎች ሁሉ በሽታ ነው፤ ማሳ ላይ ቆመን ጭቃውን በጣት እናሻለን፣ በጭቃው ውስጥ ያለው አሸዋ ደግሞ ፊቱን ፍቆ ያጠፋዋል። ኤድዋርድ አፍንጫ ያጣው እንዲያ ነው፤ አንቺም እንግዳ በመጣ ቁጥር «የንጉሡን አፍንጫ የበላው ይሄ ባሌ ነው» ትያለሽ። ጣቴን መልሼ ኪሴ ከተትኩት። ጭቃውን እንዳለ በምሳ ዕቃዬ ውስጥ አስቀምጬ ሳንድዊቼን ቆሜ በላሁ።

እንደ ደንቡ ግማሹ የባለመሬቷ ስለሆነ ወይዘሮ ፓርጀተር ቤት ሄድኩ። ዶሮዎቻቸውን እየመገቡ ነበር።

«ምንድነው የያዝከው? ድንች ነው?» አሉኝ።

«ሺሊንግ ነው። ባልና ሚስቱ ሳይሆኑ አይቀሩም።»

«ታዲያ ለምን አታጥበውም?»

«የሚያጥበው ሰው ስፔን ነው ያለው።»

የዶሮውን ጥሬ መሬት አስቀምጠው አዩኝ። ታውቂያቸዋለሽ፤ ሲያዩ አንጀት ውስጥ ይገባሉ። «እንግዲያው ስማኝ» አሉ። «ድርሻዬን ለዶሪን ሰጥቻለሁ። ላንተ አይደለም፣ ለዶሪን። ያለ እሷ ፈቃድ ብትነካው ከማሳዬ ነው የማባርርህ።»

«እሷ ባትመጣስ?»

«እንግዲህ ድንች ሆኖ ይቀራላ!»

ሐሙስ የሳንቲም ፈላጊዎች ማኅበራችን መጠጥ ቤቱ ሲሰበሰብ ይዤው ሄድኩ። መቼም ጉራ አያስችልም። ሌስሊ ገና ሲያየው «አምጣው እስቲ» ብሎ አውራ ጣቱን ላሰ። እጁን መታሁት! አዎ፣ እኔ፤ ልክ አንቺ እኔን ስትመቺኝ እንደኖርሽው።

«ምን ነካህ ክላይቭ? ሁለት ደቂቃ አይፈጅም እኮ! እነሱ መሆናቸውን ማወቅ አትፈልግም?»

«እፈልጋለሁ።»

«ታዲያስ?»

«ታዲያማ እጠብቃለሁ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «ሰማችሁ? ክላይቭ ይጠብቃል!» ሌስሊ ቢራ ጋበዘኝ፤ እሱ ሰው ሲጋብዝ አይተሽ ታውቂያለሽ? ከዚያ ግን ጠጋ ብሎ «እኔ ግን እልሃለሁ፣ ግማሹ ተቆርሶ ቢሆንስ? ከጭቃው ሥር ሴትዮዋ ጭራሽ ባትኖርስ?» አለኝ። ይህን አላሰብኩም ነበር። እስከ ቤት ድረስ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም።

አሁን በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ የወጥ ቤቱ መስኮት ላይ፣ በቅቤ ሳህኑ ውስጥ ተቀምጧል። ሻይ ስጠጣ አየዋለሁ፣ እሱም ያየኛል፤ ተላምደናል። ከሳንቲም ላይ ጭቃ የምታወጪበት እሾህ እንዳይጠፋ ጽጌረዳውን ዘንድሮ አልከረከምኩትም። በረንዳውን ወሮታል፤ ፖስተኛውም እየተወጋ ይሰድበኛል። የፕለም ማርማላታ ሠርቼ አልረጋ አለኝ፣ እንደ ሾርባ በማንኪያ እየጠጣሁት ነው። ኑሮዬን የምጠላ እንዳይመስልሽ፤ ደስ ይለኛል። አንቺ ብትኖሪበት ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለኝ ነበር።

ቤቱን ሸጠን እዚያ እንኑር ያልሽውንም አስቤበታለሁ። ሙቀት ላይ ቅቤ መሆኔን ታውቂያለሽ። ቢሆንም ባርኔጣ ገዝቻለሁ። ሰፊ ነው፣ እሱን አድርጌ እንጉዳይ እመስላለሁ። ስለዚህ ጉዳይ የምለው ይህን ብቻ ነው።

የሚያምሽን ጉልበት ፀሐዩ ይፈውስልሽ። ባሕሩም፣ ብርቱካኑም፣ ቤሪልም ይስማሙሽ። እግዚአብሔር ባለሽበት ይጠብቅሽ። መቼ ብዬ አልጠይቅሽም።

ያንቺው
ክላይቭ

ፊርማዬን ካኖርኩ በኋላ፦ አሁን ጨርቁን ላረጥብ ስገልጠው ጭቃው በራሱ ጊዜ ትንሽ ተንሸራተተ። እኔ አልነካሁትም፣ እውነቴን ነው! ከሰውየው ፊት ለፊት አንዲት ትንሽ የአፍንጫ ጫፍ ወጥታለች። ወደ እሱ ዞራለች። ከዚያ ወዲያ አላየሁም፤ መልሼ ሸፈንኩት።