የምድር ቤቱ ውሃ

ማክሰኞ ጥቅምት 12፣ ጠዋት 4 ሰዓት

አንሶላ አስጥቼ አሁን ወረድኩ። እጄ ገና እርጥብ ነው፣ ደብተሬ፣ ወረቀትሽን እንዳላበላሸው። ዛሬ የውሃ ቀን። በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው፣ ጣራ ላይ ያለው ሮቶ ሁሉ ይሞላል፣ እስከ ሌላው ማክሰኞ በሱ ነው። የአሰሪዬ የማዳም ሁለቱም ሮቶ ሞልተዋል። የምድር ቤቶቹ ጥቁሯ ሮቶ ባዶ። መታ መታ አደረኳት፣ ጮኸች። ውሃ የሚያስገባላትን ቧንቧ ቆልፈውታል። ማን እንደሆነ አውቃለሁ፣ አልጽፍም።

እሺ እጽፋለሁ፣ አማርኛ ማን ያነብላቸዋል። ራሚ ነው፣ የማዳም ልጅ።

ትናንት የፎቅ ሰዎች እዚህ ሳሎን ተሰበሰቡ። ሻይ ሳዞር ሰማሁ። ባለቤቱ ምድር ቤቱን ለሶሪያና ለሐበሻ አከራይቶ ህንፃውን አዋረደው፣ ሰፈራችን ተላዕ አል-ዓሊ እንዲህ አልነበረም ይላሉ። ሊፍቱን እንኳ በቁልፍ አርገውባቸዋል። ራሚ ውሃ ሲጠማቸው ራሳቸው ይወጣሉ አለ። ሳቁ። እኔም ትሪ ይዤ ሳቅሁ። ለምን እንደሳቅሁ አላውቅም።

ሐሙስ 14፣ ማታ

ዘይነባን ደረጃ ላይ አገኘኋት። ምድር ቤት ነው የምትኖረው፣ የወሎ ልጅ ናት፣ ስዌፍየህ የሚባል ሰፈር ሰው ቤት ታፀዳለች። እኔ መጀመሪያ ስመጣ ዲዳ ነበርኩ፣ አረብኛውን እሷ ናት ያፈታችኝ። ከመስጊድ በጄሪካን ቀድታ መጣች። ለውዱእ እንኳ አጣሁ ወላሂ አለች። ከዛ ሳቀች። «አልሜ፣ እናንተ መኪና ታጥባላችሁ አሉ። የተረፈውን በመስኮት ድፊብኝ፣ እኔ ከስር እቆማለሁ።»

እሷ ስትስቅ እኔ አለቀስኩ።

ከሰዓት ጣራ ወጣሁ። የውሃ ጎማውን የማዳም ሮቶ ውስጥ ከትቼ በአፌ ሳብኩት፣ ጥቁሯ ውስጥ ለቀቅሁት። እመብርሃን ጋርጂኝ። ግማሽ ሲደርስ ነቀልኩ። ጎማውን በቀሚሴ አደረቅኩት።

ቅዳሜ 16

ልጻፍ። ለማን ልንገር ካንቺ ሌላ።

ጠዋት ነጭ ልብስ እያሰጣሁ ራሚ መጣ። አንሶላው መሃል ነበርኩ፣ አላየኝም። ጥቁሯን ከፈታት፣ ውሃ አለ። አበደ። ወድቆ የነበረ የብረት ቧንቧ አንስቶ መታት፣ ደጋግሞ፣ ተሰነጠቀች። ውሃው እግሬ ስር መጣ። ድብደባው በቱቦው ወርዶ ምድር ቤት ተሰማ መሰለኝ፣ ዘይነባ እየሮጠች ወጣች።

ውሃችንን ማን ሰረቀ አላት። ወደ አንሶላው ዞረች። ከስሩ እግሬ ይታያል፣ የማዳም አሮጌ ሮዝ ሸበጥ። አየችው።

«እኔ ነኝ» አለችው።

በብረቱ አገጯን። ድምፁን ሰማሁት፣ እስካሁን እሰማዋለሁ። ወደቀች። ክንዷን አነሳች፣ ክንዷን መታት። ልትሳብ ስትል ጀርባዋን። ደሟ ትራስ ልብስ ላይ ተረጨ። በሻሿ፣ በፀጉሯ ጎትቶ በደረጃው ለቀቃት።

አንሶላ ነክሼ ቆምኩ። አልወጣሁም። ሰማሽ፣ አልወጣሁም።

እሁድ 17

ማዳም አስቀመጠችኝ። ነገ ፖሊስ ይመጣል፣ ደረጃው እርጥብ ነበር አንሸራተታት በይ አለች። ሌላ ካልሽ ወርቄን ሰረቀች እላለሁ፣ ኢቃማሽም፣ የመኖሪያ ፈቃድሽ፣ እኔ ጋ ነው። ከዛ ፀጉሬን ዳበሰች፣ ያ ቢንቲ አለችኝ፣ ልጄ።

እሷ ስትወጣ ራሚ ወጥ ቤት ገባ። እጄን ይዞ ምድጃው ላይ አስጠጋው። ጣራ ላይ ማንም አልነበረም አይደል አለኝ። አልነበረም አልኩ። አልለቀቀም። አልነበረም፣ አልነበረም፣ አልነበረም። ሁለት ጣቴ ተላጠ። ግራዬ ነው ደግነቱ።

ነጩን ሁሉ በበረኪና ዘፍዝፊ ተባልኩ። ዘፈዘፍኩ። አንዷን ትራስ ልብስ ብቻ አልዘፈዘፍኩም። ፍራሼ ስር ናት፣ ካንቺ ጋር።

ሰኞ 18፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ቆሻሻ ልጥል ስወርድ ኡም ኻሊድ ጠበቀችኝ፣ የምድር ቤቷ ሶሪያዊት። ዘይነባ ሆስፒታል ናት፣ አገጯን በሽቦ አስረውታል፣ መናገር የለም። ፖሊሱ ማን መታሽ ብሎ ወረቀት ሰጣት፣ አልጻፈችም። ፈርታ ነው አለች ኡም ኻሊድ። አይደለም። ራሚ ብላ ብትጽፍ፣ ውሃውን ማን ሰጠሽ ይሏታል። እኔን እየሸሸገች ነው፣ በተሰበረ አፏ።

የፎቆቹ ደሞ ፊርማ እያዞሩ ነው። ምድር ቤት ሌባ አለ፣ ሁሉም ይውጣ። ኡም ኻሊድ ሴት ልጆቿን ይዛ ወዴት ትሄዳለች። ሌባ የለም እኮ። እኔ ነኝ የሰጠሁት።

ተደወለ።

ሁለት ፖሊሶች ናቸው። ራሚም ሳሎን ተቀምጧል፣ ሱሪውን ተኩሼለት። ማዳም ሻይ ብላ ተጣራች። ሻዩ እስኪፈላ ነው የምጽፍልሽ። ትራስ ልብሷን አጥፌ ትሪው ላይ አነጠፍኳት፣ ደሙን ወደ ውስጥ። ብርጭቆ ደረደርኩባት።

ስለማመደው ነው ያደርኩት። አና ዐጠይታ መይ። ውሃውን የሰጠኋት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ይሄን እላለሁ፣ ከዚህ በኋላ ወደ ኋላ ማለት የለም። ከዛ ብርጭቆዎቹን አነሳለሁ፣ ጨርቁን እዘረጋዋለሁ፣ ከዛ ጣቴን ወደ ራሚ

ማዳም እየመጣች ነው