በአባባ ቅንድብ ላይ ያለው መስመር

ለምወድሽ እህቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ያ የወገብ ሕመምሽ ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ከወንበር ስትነሺ ይይዝሻል? ባለቤትሽስ ሥራው እንዴት ይዞታል? ልጃችሁስ ያ የሚነቃነቀው ጥርሷ ወለቀላት? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እማዬም ከዓይኗ በቀር ደህና ናት፤ ቁጣዋም እንደ ድሮው ነው።

«አባቴን በገዛ እጄ አጠፋሁት» ብለሽ የላክሽልኝን ደጋግሜ አነበብኩት። አልጠፋም። ግን እንደነበረ አይደለምና ነገሩን ከመጀመሪያው ላስረዳሽ።

የአባባን አሮጌ ፎቶ በኮምፒውተር ጠግነሽ፣ ቡናማ ነጠብጣቡን አጽድተሽ ስትመልሺልን ሁላችንም አደነቅንሽ። በትልቁ አሳትሜ ለእማዬ ሰጠኋት። በማጉያ መነጽሯ ብዙ አየችውና «ቆንጆ ሰው ነው፤ ማነው?» አለችኝ። አባባ ነው ብላት፣ «ሂድ ወዲያ! የኔ ሰውዬ ቅንድቡ ለሁለት የተከፈለ ነው» አለች።

አንቺ የፎቶው ስንጥቅ መስሎሽ ያጠፋሽው መስመር ጠባሳው ነበር። አልፈርድብሽም፤ እሱ ሲሞት አንቺ ገና የምትታቀፊ ነበርሽ። ገና ጎረምሳ ሳለ፣ አናጺ ቤት ሥራ ሲለማመድ፣ ሳንቃ ወድቆበት ነው የተፈነከተው።

ማጥፋትሽ ቀላሉ ነው። ከባዱ ከዚያ በኋላ «አስቀምጥ» የሚለውን መጫንሽ ነው። ይህ ቃል ሰው ያታልላል። በእኛ ቤት አስቀምጪው ማለት እንዳይጠፋ አኑሪው ማለት ነው፤ እማዬ ያስቀመጠችው ነገር መቼ ጠፍቶ ያውቃል? ኮምፒውተር ግን አዲሱን ሲያስቀምጥ አሮጌውን ከቦታው ገፍቶ ያስወጣዋል። ፎቶው በኢንተርኔት በምንጠቀምበት የጋራ ማኅደራችን ውስጥ ስለነበር ደግሞ አንቺ ጋ ሲቀየር እኛም ጋ ተቀየረ። ዋናው የወረቀት ፎቶ እንደሆነ ጣሪያው ያፈሰሰ ጊዜ ከፍሬሙ መስታወት ጋር ተጣብቆ ተበላሽቷል።

ተማሪዎቼን በላጲስ እንዲያጠፉ አልፈቅድላቸውም ነበር። በአንድ መስመር ሰርዛችሁ ከጎኑ ጻፉ እላቸው ነበር፤ የተሰረዘው ከተነበበ መመለስ ይቻላልና። ፎቶም እንደዚያው ነው። ገና እጅሽ ሳይነካው ቅጂ አውጪለት። ዋናውን «አይነካም» የሚል ስም ሰጥተሽ ለብቻው አኑሪው፤ የምትሠሪው ቅጂው ላይ ብቻ ይሁን። ስትጨርሺ «በሌላ ስም አስቀምጥ» የሚለውን ምረጪና ከነቀኑ ሰይሚው። «በዚህ ስም ሌላ ፋይል አለ፤ ይተካ?» ብሎ ከጠየቀሽ ደግሞ እጅሽን ሰብስቢ። አንቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ ጥያቄው ሳያልቅ «አዎ» ማለት ትወጃለሽ።

መጀመሪያ ፎቶውን ወደ ኮምፒውተር ያስገባልን ፎቶ ቤት ሄጄ ነበር፤ ባለሙያው ኮምፒውተሩን አጽድቶት ኖሮ ምንም አላገኘልኝም። በመጨረሻ ትልቋ ልጄ ስልኳን ስትበረብር፣ አንቺ ሳትጠግኚው በፊት የላክሁላት ቅጂ ተገኘ። በስልክ ሲላክ ስለተጨመቀ ከመዳፍ አስበልጦ ማተም አይቻልም፤ ይደበዝዛል። ጠባሳው ግን አለ። ከስልኳ ገልብጬ ሌላ ቦታም አኑሬዋለሁ።

ይህችን ትንሽ ፎቶ አሳትሜ ስሰጣት እማዬ በማጉያው አየችውና «መጣህ?» አለችው። ያንቺን ትልቁን ከግድግዳ ላወርድ ስል ግን እጄን መታችኝ። እሷ አባባን ያወቀችው ከተፈነከተ በኋላ ነው። «ይሄኛው እኔን ሳያውቀኝ በፊት ያለው ነው። አይቼው አላውቅም ነበር፤ ተወው» አለችኝ። ስለዚህ ሁለቱም ጎን ለጎን ተሰቅለዋል፤ አንቺም ለቅሶሽን ተዪ።

ባለቤቴ ለሁላችሁም ሰላምታ ታቀርባለች፤ ወገብሽን በሙቅ ውሃ ያዢው ትልሻለች። ትልቋ ልጄ የአጎት ልጅነት ድርሻዬን ልወጣ ብላ ለልጅሽ ሥዕል እያዘጋጀች ነው። ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፤ ትንሿንም ጉንጯን ሳሚልኝ። እማዬ ደግሞ ያንቺን የቅርብ ጊዜ ፎቶ ላኪልኝ ብላለች። ምንም ሳትነኪው።

ወንድምሽ
ከእማዬ ቤት፣ ኅዳር 17 ቀን