«አንተ በሉኝ» ይሉ የነበሩት የአቶ ወንድሙ ይመር የሕይወት ታሪክ

አቶ ወንድሙ ይመር ከአባታቸው ከአቶ ይመር ካሳው እና ከእናታቸው ከወ/ሮ አሰለፈች ደሳለኝ፣ በሰሜን ወሎ በጉባ ላፍቶ ወረዳ፣ ከወልድያ ከተማ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ በሚርቅ መንደር፣ ግንቦት 12 ቀን 1948 ዓ.ም. ተወለዱ። ቀኑን የነገሩን እናታችን ናቸው፤ «የሚካኤል ዕለት ነው» ይሉ ነበር። የጽሑፍ ማስረጃ ግን የለም። ይህን የምለው እኔ ታናሽ እህታቸው የሺ ይመር ነኝ። በፍርድ ቤት መዝገብ ክፍል ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ያላየሁትን አላምንም፤ ያየሁትንም ሁለት ጊዜ ሳላገላብጥ አላልፍም። ወንድሜንም ያየሁት በዚሁ ዓይን ነበር።

ይህን ጽሑፍ ስጀምር የዕድራችን ጸሐፊ «አደራ፣ በአንቱታ ይሁን» ብለውኛል። ሟች ደግሞ በሕይወት ሳሉ «የእኔን ታሪክ የምትጽፊው አንቺ ነሽ፤ እሱ ብለሽ ጻፊው» ብለውኝ ነበር። ለጊዜው ዕድሩን እሰማለሁ።

አቶ ወንድሙ ዕድሜያቸው ሲደርስ ቄስ ትምህርት ቤት ገብተው ዳዊት ደገሙ፤ ከዚያም ወልድያ ዘመድ ቤት ተቀምጠው እስከ አሥረኛ ክፍል ተማሩ። እኔን ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። «መ»ን ሲጽፉ አንደኛውን ሆድ ሳይገጥሙ ክፍት ይተዉታል፤ እኔም ከእሳቸው ተምሬ እንደዚያው እየጻፍኩ በመምህሬ ስቆነጠጥ ኖሬያለሁ። ያን ጊዜ አንተ እያልኩ፣ ትከሻቸው ላይ እየተንጠለጠልኩ ነበር ያደግሁት። በ1968 ዓ.ም. ደሴ ሄደው በድሬሰርነት ሠለጠኑ፤ በ1970 ዓ.ም. በሀብሩ ወረዳ፣ በመርሳ አቅራቢያ፣ በአንዲት የገጠር ክሊኒክ ተመደቡ። በ1972 ዓ.ም. ከወ/ሮ አልማዝ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ደጀንን እና ህሊናን ወለዱ።

ወጣቱ ድሬሰር ነጭ ጋዋን ለብሰው፣ ጸጉራቸውን ወደ ኋላ አበጥረው፣ ገበሬውን ሁሉ «አንተ ና! አንተ ውጣ!» የሚሉ ሰው ነበሩ። ይህን ማስታወሴ ለመውቀስ አይደለም። ከ1976 ዓ.ም. በኋላ ሰውየው እንዴት እንደተለወጡብን እንዲታወቅ ነው።

በዚያ ዓመት አቶ ወንድሙ ሰውን ሁሉ አንቱ ማለት ጀመሩ። ለማኙን አንቱ፣ የመርሳ ገበያ ተሸካሚውን አንቱ፣ ንፍጡ የሚወርድ ሕፃን ይዘው ቁስል ሲያጥቡ «ይታገሡ፣ አሁን ይጨረሳል» ይሉት ነበር። የልጅ ልጃቸው ብርቱካን በሦስት ዓመቷ «አያቴ አንቱ ብለውኛልና አልታዘዝም» ማለት ለምዳ እናቷን አስቸግራለች። የወልድያ ባጃጅ ነጂዎችም «አቶ አንቱ መጡ» እያሉ ይሳለቁባቸው ነበር። እሳቸው ግን ለራሳቸው «አንተ በሉኝ» እያሉ ሰውን ይለምኑ ነበር። ማን ይላቸዋል? ሽማግሌ አንተ ብሎ የሚጠራ ጨዋ በእኛ አገር የለም። እኔ በበኩሌ ትሕትና የሚበዛበት ሰው ያሠጋኛል። ምን ደብቆ ነው እላለሁ። ከሰው ሁሉ መርጠው እኔን ብቻ «አንቺ» ማለታቸውንም ንቀት ነው ብዬ ይዤባቸው ነበር።

በ1982 ዓ.ም. ወደ ወልድያ ተዛወሩ። ዓርብ ከቀትር በፊት ግን ፈቃድ እየጠየቁ፣ በ2008 ዓ.ም. ጡረታ ከወጡ ወዲህ ደግሞ ማንንም ሳይጠይቁ፣ ትንሽ ቦርሳ አንጠልጥለው መርሳ ይሄዳሉ። መንገድ ተዘግቶ መኪና በጠፋበት ወቅት እንኳ በእግራቸው ሲሄዱ ታይተዋል። የት እንደሚሄዱ ስጠይቅ «ሰው ጋ» ነው መልሳቸው። ወ/ሮ አልማዝን ስጠይቅ «ተይው የሺ፣ ሥራውን ያውቃል» ይሉኛል። ሁለቱም የተመካከሩ መሰለኝ። መጀመሪያ ሌላ ትዳር አለ አልኩ። ቀጥሎ በእኔ መሥሪያ ቤት የምትሠራ የመርሳ ሴት መጥታ፣ ዓርብ ዓርብ መስጊድ በር ላይ ጫማ ይዘው ቆመው እንዳየቻቸው፣ ለአንድ ሽማግሌም ለሶላት የሚታጠቡበትን የውዱእ ውሃ ሲያፈሱ እንደተመለከተች ነገረችኝ። ወሬው ከእሷ አፍ ወደ ጎረቤት አፍ ሄደ፤ «ወንድሙ ሰልሟል» ተባለ።

እኔ ወሬ አላምንም፤ መረመርኩ። በወሎ ሠርግ የክርስቲያንና የእስላም ድንኳን ለየብቻ ነውና ከየትኛው እንደሚበሉ በአራት ሠርግ ላይ ተከታተልኩ። አራቱንም ጊዜ ሽሮ ብቻ በሉ። ሽሮ ደግሞ ማስረጃ አይሆንም። የንስሐ አባታቸውን ጠየቅሁ፤ «እህቱ ሆነሽ ብትመጪ እነግርሽ ነበር፤ ዳኛ ሆነሽ ስለመጣሽ አልነግርሽም» ብለው አሳፈሩኝ። ጾማቸውን ይጾማሉ፣ ይቆርባሉ። በጸሎተ ሐሙስ ግን ካህኑ የምእመናንን እግር ሲያጥቡ ወንድሜ ከኋላ ቆመው ወደፊት አይመጡም ነበር። ይህንንም መዝግቤ ያዝኩት።

ጌታ ማበሻ ጨርቅ ታጥቆ በደቀ መዛሙርቱ እግር ሥር በተንበረከከ ጊዜ ጴጥሮስ «የእኔን እግርስ አታጥብም» ማለቱን ሁላችንም እናውቃለን። ሰባኪዎች ይህን የጴጥሮስ ትሕትና ነው ይሉታል። እኔ ግን ጥርጣሬ ይመስለኛል። ከእኛ የሚበልጥ ሰው ዝቅ ሲልልን መጀመሪያ ልባችን ውስጥ የሚገባው ምስጋና ሳይሆን «ምን ፈልጎ ነው?» የሚል ጥያቄ ነው። ጴጥሮስ ያን ጥያቄ በአንድ ማዕድ ላይ ጨረሰ። እኔ ዓመታት ፈጀሁበት።

በየካቲት 1994 ዓ.ም. እናታችን ወ/ሮ አሰለፈች ዓርብ ከቀትር በኋላ አረፉ። ወንድሜ መርሳ ነበሩ። የዛሬው ዓይነት ስልክ በየእጁ አልነበረም፤ ሰው ተልኮ አጣቸው። የደረሱት በማግስቱ፣ አፈሩ እየተመለሰ ሳለ ነው። ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ «የት ነበርክ?» አልኩ። «ሰው ታሞብኝ» አሉ። «እናትህ እየሞተች ማን ነው የታመመብህ?» አልኩ። አካፋውን ከአንዱ እጅ ተቀብለው አፈር መመለስ ጀመሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም አንቱ አልኳቸው። ሰው «የሺ ወንድሟን እንዴት አከበረች» አለ። አክብሮት አልነበረም፤ ቅያሜ ነው። እሳቸው ያውቁ ነበር። አንቱ ባልኳቸው ቁጥር ዓይናቸው መሬት ይወርዳል፤ እኔም ያንን እያየሁ ደግሜ እላቸው ነበር።

ወ/ሮ አልማዝ በ2010 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ አቶ ወንድሙ ብቻቸውን ቀሩ። ዓርባቸውን ግን አላስታጎሉም፤ በመርሳና በውርጌሳ መንገድ ዳር፣ ሐኪም ቤት መድረስ የማይችሉ ሰዎችን ቁስል ሲያጥቡ፣ ጥፍር ሲቆርጡ ይውሉ እንደነበር አሁን ሰምቻለሁ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ሲሰቃዩ ቆዩ። በዚህ ዓመት ከገና በኋላ አልጋ ያዙ፤ እኔም ላስታምም ገባሁ። አፋችን ግን አልተፈታም፤ «ውሃ ይፈልጋሉ?» «አመሰግናለሁ» ብቻ ነበር።

ጥር 15 ቀን፣ ዓርብ፣ አንዲት የሃምሳ ዓመት ሴት በሻሽ ተሸፋፍና ገባች። «ሲቲ አብዱልሐሊም ነኝ፣ ከመርሳ» አለች። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እጃቸውን ይዛ፣ «አብሽር ወንድሜ፣ አላህ ያሽርህ፤ ዛሬ አንተ ብትቀርብን እኛ መጣን» አለቻቸው። አንተ አለቻቸው! ወንድሜም ፊታቸው ፈካ። እኔ በሩ ጋ ቆሜ «ይኸው ተገኘች» አልኩ በልቤ። የዓርቧ ሴት ይቺ ናት ብዬ ደመደምኩ። ሻይ አላቀረብኩላትም። ያፈርኩበትን ሁሉ ከጻፍኩ ይህም ይጻፍ።

እሷ ስትሄድ ወንድሜ ጠሩኝ። «የሺ፣ አንቺስ አንተ አትይኝም?» አሉ። ለሰው ሁሉ የሚሉት ነው፣ ዛሬም ትሕትናቸውን ሊያሳዩኝ ነው ብዬ ተናደድኩ። «አሁን ይረፉ፤ ነገ እንነጋገራለን» አልኳቸውና ወጣሁ። ቅዳሜ ጥር 16 ቀን 2018 ዓ.ም. ማለዳ፣ ፀሐይ ስትወጣ፣ በተወለዱ በ69 ዓመታቸው አረፉ።

ሲቲ ቅዳሜ ረፋድ ለልቅሶ መጣች። ለብቻዋ ጠርቼ «ወንድሜ ምንሽ ናቸው?» አልኳት። ያለችኝን አሳጥሬ እጽፈዋለሁ። በ1976 ዓ.ም. አባቷ አብዱልሐሊም፣ ገበሬ ናቸው፣ እናቷን ዙልፋን በቃሬዛ አሸክመው ክሊኒኩ ሊዘጋ ሲል ደረሱ። ሲቲ የስምንት ዓመት ልጅ ሆና አብራ ነበረች። ድሬሰሩ ጋዋናቸውን አውልቀው ሊወጡ ነበርና ቀና ብለው ሳያዩ በካርዱ ላይ ጽፈው ሰጧቸው። ዙልፋ ወደ ቤት ስትመለስ መንገድ ላይ ሞተች። በማግስቱ፣ ዓርብ፣ አብዱልሐሊም ብቻቸውን ካርዱን ይዘው ክሊኒኩ ገቡ። «ተመለስ ብለኸኝ ነበር፤ ተመልሻለሁ። እሷ ግን አልቻለችም» አሏቸው።

ወንድሜ በዚያው ቀን ተከትለዋቸው ሄደው በደጃፋቸው ላይ ወድቀው «አፉ ይበሉኝ» ብለው ይቅርታ ለመኑ። አብዱልሐሊም ከመሬት አንስተዋቸው «አፉ ብዬሃለሁ፤ ዳግመኛ ግን ማንንም አንተ እንዳትል። አንተን ግን እኔ አንተ እልሃለሁ፤ ዛሬ ከቤቴ ሰው ጎድሎብኛል፣ ልጄ ሁን» አሏቸው። ሽማግሌው በኋላ ዓይናቸው ጠፋ። ወንድሜ ዓርብ ዓርብ ያጥቧቸዋል፣ ለውዱእ ውሃ ያፈሱላቸዋል፣ ለጁሙዓ መስጊድ አድርሰው ጫማቸውን ይዘው ደጅ ይጠብቃሉ፤ ሽማግሌው በ2001 ዓ.ም. እስኪሞቱ ድረስ እንዲህ ኖሩ። እናታችን ያረፉ ዕለት አብዱልሐሊም በወባ ራሳቸውን ስተው ነበር። ሲቲ «ለእህትህ ለምን አትነግራትም?» ስትላቸው፣ «ብነግራት ደግነቴን ታወራለች፤ በደሌ ይረሳል» ይሏት ነበር።

እኔ ግን ማስረጃ ጠየቅሁ። በዚያ ሰዓት እንኳ፣ አስከሬናቸው በጓዳ ሳለ፣ ማስረጃ ጠየቅሁ። ሲቲ አልተቀየመችም። በመሐረብ የታሰረ፣ ጠርዙ የተበላ የክሊኒክ ካርድ አውጥታ ሰጠችኝ። «ዙልፋ» ይላል። ከሥሩ ሁለት ቃል አለ፤ «ነገ ተመለስ።» «መ» ሆዷ ክፍት ነው።

ካርዱን ይዤ ተቀመጥኩ። ወንድሜ ለእኒያ ሰው ነገ እንዳሉ እኔም ለወንድሜ ነገ ብያለሁ። እሳቸው በዚህ ቃል ምክንያት ከአርባ ዓመት በላይ ወደ መርሳ ተመላልሰዋል። እኔ የምመለስበት ዓርብ የለኝም። ያለኝ ይህ ወረቀት ብቻ ነው።

ስለዚህ የዕድራችን ጸሐፊ ይቅር ይበሉኝ፤ ከዚህ በኋላ ያለውን እሱ እንዳለኝ እጽፈዋለሁ። ወንድሙ አልሰለመም። ሌላ ሚስትም አልነበረውም። በጸሎተ ሐሙስ ከኋላ የሚቆመው እግሩን ለማሳጠብ አልበቃሁም ብሎ ስለሚያምን ነበር። ከሰው ሁሉ እኔን ብቻ አንቺ ያለኝም ስለናቀኝ አይደለም፤ ትከሻው ላይ እንደተንጠለጠልኩ ስለቀረሁ ነው። ወንድሙ የሁለት ልጆች አባት፣ የአምስት ልጆች አያት ነበር። ደጀንን፣ ህሊናን፣ እኔን እህቱን፣ መርሳ ላይ ደግሞ ሌላዋን እህቱን ሲቲን ትቶ ሄዷል። ዛሬ ሲቲ ከእኔ ጎን ትቁም፤ የሚጠይቅ ካለ እኔን ይጠይቀኝ።

እግር አጥቦ ዝቅ ያለው ጌታ ነፍሱን ከዙልፋ ፊት ሳያሳፍራት ይቀበልልን። እናንተም ስታለቅሱ ነፍሱን ይማር በሉ፤ ነፍሳቸውን አትበሉብኝ።

ነገ ብዬህ ነበር ወንድሜ። ተመልሻለሁ። አንተ።